ጠብቆ ነው ላልቶ?

(ረፋድ ላይ ነው፤ ፕሬዚዳንት አምሳሉ ከጋዜጠኞች አዳራሽ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል መስታወት ፊት ቆመው ክራቫታቸውን ያስራሉ፤ የመገናኛ ብዙኃን አማካሪያቸው ምንውየለት የሚነበበውን መግለጫ ይዞ አጠገባቸው ቆሟል።)

ፕሬዚዳንቱ፦ ለምን አቆምክ? ጨርሰው እንጂ።

ምንውየለት፦ እዚህች መስመር ላይ ስደርስ ማንበብ ያቅተኛል፣ ክቡር ፕሬዚዳንት።

ፕሬዚዳንቱ፦ ውኃ ጠጣና ቀጥል። በጆሮዬ ሳልሰማው አልወጣም። ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ወረቀት ማመን ትቻለሁ።

ምንውየለት፦ እሺ። «በወንዙ ዳር ለተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት የሆነው የመንግሥት አቋም ሳይሆን፣ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢዋ ትርሲት ባይለየኝ በራሷ ፈቃድ የፈጸመችው የንባብ ስሕተት ነው። ግለሰቧም በሕግ ትጠየቃለች።» ይኸው፣ አነበብኩት።

ፕሬዚዳንቱ፦ ታዲያ ምኑ ነው ለማንበብ የሚያቅተው? ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ደግሞም የገዛ እጅህ ጽሑፍ ነው።

ምንውየለት፦ ጽሑፉ የእኔ ነው። «በራሷ ፈቃድ» የምትለዋን ግን ትናንት በእርሳስ ያስገቧት እርስዎ ነዎት። ቢቻል ዐረፍተ ነገሩ በሙሉ ይውጣ፤ ካልተቻለ የልጅቷ ስም ይውጣ።

ፕሬዚዳንቱ፦ ይውጣ ትለኛለህ? እሱ ከወጣ ምን ይዤ ልቁም? አሸማጋዮቹ ከወንዙ ማዶ ካለው መንግሥት ይዘውልን የመጡትን ቃል ያነበብክልኝ አንተው ነህ። ስሕተት ነው በሉ፣ የተሳሳተውንም ሰው በስም ጥሩልን፣ እኛም ለሕዝባችን የምንለው እናገኛለን፣ መድፉ ዝም ይላል፣ ከባድ መሣሪያ ከድንበሩ የማንሳቱ ስምምነትም ካቆመበት ይቀጥላል ነው ያሉት። የጠየቁን አንድ ስም ነው፣ ምንውየለት። አንተ እዚህ ስታመነታ በድንበሯ ከተማ በታንኳ በር ሰው እየሞተ ነው።

ምንውየለት፦ አውቃለሁ። የታንኳ በር አስተዳዳሪ ዛሬም ደውሎልኛል።

ፕሬዚዳንቱ፦ ምን አለ?

ምንውየለት፦ ምን ይላል። ለፊርማው ቀን ብለው በሬ ገዝተው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ድንኳን ተክለው ነበር፤ የማዶዎቹን ሹማምንት በታንኳ አሻግረው አብረው ሊበሉ። ያ ሁሉ ለለቅሶ ዋለ። ድንኳኑን እንኳ አልነቀልነውም አለኝ፤ ለደስታ በተተከለው ውስጥ ነው የሚላቀሱት። እኔም አይዞህ ብዬ ዘጋሁት።

ፕሬዚዳንቱ፦ ልወጣ ስል እንዲህ ያለውን አትንገረኝ።

ምንውየለት፦ ጠየቁኝ እኮ።

ፕሬዚዳንቱ፦ አዎ፣ ጠየቅኩህ። ይኼ ክራቫት ደግሞ ዛሬ ምን ሆነብኝ።

ምንውየለት፦ ያምጡት፣ ልሰርልዎ።

ፕሬዚዳንቱ፦ ተወው። ስማ፣ ልጅቷን ማንም አይበላትም። ነገሩ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል በይቅርታ አስወጣታለሁ። ብረሳ እንኳ አንተ ታስታውሰኛለህ።

ምንውየለት፦ ከወጣችስ በኋላ? አገር ሁሉ ጦርነት የለኮሰች ሴት ብሎ መልኳን እያወቃት የት ትግባ? ገበያ ስትወጣ ልጁ የሞተበት ሰው ቢያገኛት ምን ሊያደርጋት ነው?

ፕሬዚዳንቱ፦ ሌላ መንገድ ካለህ አምጣ እንጂ። የቴክኒክ ችግር ነበር ብንልስ?

ምንውየለት፦ ድምፅዋ እንደ ደወል ነበር። ሕፃን እንኳ አያምነንም።

ፕሬዚዳንቱ፦ ማዶዎቹ አማርኛውን አጣመው ሰሙት ብንልስ?

ምንውየለት፦ ክቡርነትዎ፣ ማዶዎቹ እኮ አማቾቻችን ናቸው። አማርኛው የጋራ ነው። የማዶው የድንበር ጦር አዛዥ ዜናውን የሰማው በእኛ በኩል ባለው ሻይ ቤት ነው፤ ቴሌቪዥኑ ያለው እዚያ ስለሆነ ማታ ማታ እየተሻገረ ከጉምሩክ ኃላፊያችን ጋር ካርታ ይጫወት ነበር። ትርሲት «ይፈታል» የምትለዋን ቃል አጥብቃ ስታነብ ካርታውን አስቀመጠና፣ «ለካ እንዲህ ነው የምታስቡን» ብሎ ተነሳ አሉ። የጉምሩኩ ሰው እጁን ይዞ ሊያስቀምጠው ሞክሮ ነበር። እንቢ ብሎ በታንኳው ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ መድፉ ጀመረ።

ፕሬዚዳንቱ፦ የእኛ መድፎች እኮ ከኮረብታው ሊወርዱ ከባድ መኪና ላይ ተጭነው ነበር። ታዛቢዎቹ ሊቆጥሯቸው ከታች ቆመው ይጠብቁ ነበር። የጦራችን አዛዥ ጄኔራል ውብሸት ይኼንኑ ሲጠብቅ እንደነበረ ሰው መልሶ አወጣቸው። ይኼ ሁሉ እሷ ስላጠበቀች ነው። ማን አጥብቂ አላት?

ምንውየለት፦ እሱን ከማንሳታችን በፊት ዐረፍተ ነገሩን ማን እንደጻፈው እናንሳ። «በስምምነቱ መሠረት የማዶው ጦር ትጥቅ ይፈታል።» እኔ ነኝ። ያን ቀን ግንባሬን ስመውኛል።

ፕሬዚዳንቱ፦ ብስምህስ ምን ይገርማል? ውብሸት፣ የማዶዎቹን ትጥቅ በግድ ካላስፈታን መድፌን ከኮረብታው አላወርድም ብሎ ጦሩን ይዞብኛል። አሸማጋዮቹ ደግሞ፣ በፈቃዳቸው ነው የሚፈቱት፣ ማዋረድ የሚባል ነገር የለም ይላሉ። መሐል ላይ ተሰንጌ ሳለሁ አንተ ያቺን ቃል ይዘህ መጣህ። ውብሸት አጥብቆ አነበባት፤ እኛ ልናስፈታቸው ነው ብሎ ደስ አለው። አሸማጋዮቹ አላልተው አነበቧት፤ ራሳቸው ሊፈቱ ነው ብለው ደስ አላቸው። አንዲትም ፊደል ሳይቀየር ሁለቱም እሺ አሉ። ሊቅ ነህ አልኩህ።

ምንውየለት፦ ሊቅነቴን ይተዉት። ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት የለውም፤ እኔም እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ገብቼ ተደበቅኩ። አንድ ሰው ማታ በዜና ሰዓት አፉን ከፍቶ እንደሚያነበው ግን ትዝ አላለኝም። ወረቀት ሁለቱንም ይይዛል፤ አንባቢ አንዱን መምረጡ አይቀርም።

ፕሬዚዳንቱ፦ ያን ያህል ዘመን አማርኛ ያስተማርክ ሰው ይኼ እንዴት ይጠፋሃል?

ምንውየለት፦ እኔስ ራሴን ምን እያልኩ የማድር ይመስልዎታል? ትርሲትን ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ጠብቆም ላልቶም የሚነበብ ቃል ከገጠማችሁ አትገምቱ፣ የጻፈውን ሰው ጠይቁ እያልኩ ስንቴ ለፍልፌያለሁ። እሷም ጠየቀች። ያውም እኔኑ።

ፕሬዚዳንቱ፦ አሁን ያን ስልክ ልታነሳብኝ ነው።

ምንውየለት፦ ካላነሳሁት ያንቀኛል። ዜናው ሊጀምር ትንሽ ሲቀረው ደወለች። ጋሼ፣ ይቺ «ይፈታል» የምትለዋ ጠብቃ ነው ላልታ አለችኝ። ቆዪ ብያት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደ እርስዎ ሮጥኩ። እርስዎና ውብሸት ካርታው ላይ አጎንብሳችኋል። በጆሮዎ ሹክ አልኩዎት። ምን ብለው መለሱልኝ?

ፕሬዚዳንቱ፦ እኔ እንጃ። ያን ሰዓት ስንት ነገር ነበረብኝ።

ምንውየለት፦ «እንደመሰላት ታንብበው» አሉኝ። ውብሸት እየሰማ ላልቶ ማለት አልቻሉም፤ ጠብቆ ማለትም ፈሩ። እኔም ተመልሼ፣ እንደመሰለሽ አንብቢው አልኳት።  ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ እንደመሰለኝ የሚነበብ አይደለም» አለችኝ። ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ያስተማርኳት ልጅ ላይ።

ፕሬዚዳንቱ፦ እንግዲያው መሰላት፣ አነበበችው። በራሷ ፈቃድ ማለት ይኼው አይደል እንዴ?

ምንውየለት፦ አይደለም። አልገመተችም። ለመርማሪዎቹ የሰጠችውን ቃል አላነበቡትም?

ፕሬዚዳንቱ፦ ፍሬ ነገሩን ነግረውኛል።

ምንውየለት፦ እንግዲያው ፍሬውን ትተው ገለባውን ነው የነገሩዎት። እኔ መልስ ስነሳት እየሮጠች ወደ ሬዲዮው ክፍል ወረደች። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ በጦር ሰፈሩ ምረቃ ላይ ያደረጉት ንግግር የተቀዳበት ቴፕ እዚያ ነበር። አስከፍታ ሰማችው። ያቺኑ ዐረፍተ ነገር ከእርስዎ አፍ ሰማች። እርስዎ እንዳሉት አድርጋ አነበበችው። ያደረገችው ይኼን ብቻ ነው።

ፕሬዚዳንቱ፦ እንዴት ነበር ያልኩት?

ምንውየለት፦ እርስዎ ያውቁታል።

ፕሬዚዳንቱ፦ እንዴት ነበር ያልኩት ነው የምልህ።

ምንውየለት፦ አጥብቀው። ጥርስዎን ነክሰው። ከዚያ ወዲያ የሚሰማው ጭብጨባ ነው።

ፕሬዚዳንቱ፦ አስቤበት አይደለም። ወታደሩ ዝም አለኝ፣ ምንውየለት። ስለ ሰላም ስናገር፣ መድፉ ከኮረብታው ይወርዳል ስል፣ ያ ሁሉ ሰው ሜዳውን ሞልቶ ጭጭ። ውብሸት አጠገቤ ቆሞ ጫማውን ያያል።  እዚያች ቃል ላይ ስደርስ እንዲያው አፌ አጠበቃት። ሜዳው ተናወጠ። ደስ አለኝ። ምን እዋሽሃለሁ፣ ደስ አለኝ። ቤቴ ገብቼ ራት ስበላ እንኳ ያ ጭብጨባ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ማክሰኞ በጆሮዬ ስትነግረኝ ደግሞ ትዝ ብሎኝ ነበር። አላላው ብልህ ውብሸት፣ ቅዳሜ ያልከው የት ሄደ ሊለኝ ነው።

ምንውየለት፦ ታዲያ ይኼን ይበሉ። ማዶዎቹ ስሕተት ነው በሉን አሉ፤ ስሕተት ነው። የተሳሳተውን ሰው ስም ስጡን አሉ፤ ስሙ ይኸው። መዋሸት እንኳ አያስፈልገንም።

ፕሬዚዳንቱ፦ ቀለለብህ። ይኼን በተናገርኩ ማግስት ውብሸት ወንበሬ ላይ ቁጭ ይላል። ፊታችን ላይ እያጠበቀ ከኋላችን የሚያላላ መሪ ይለኛል፤ ውሸቱንም አይደለም። እሱ ከተቀመጠ ደግሞ የመሣሪያ ስምምነት ብሎ ነገር የለም፤ ሌላ መድፍ ነው የሚያስገዛው። ለወንበሬ ብቻ የምንገበገብ ይመስልሃል?

ምንውየለት፦ ለወንበርዎ ብቻ አይደለም። ለወንበርዎም ነው።

ፕሬዚዳንቱ፦ አፍህ ዛሬ ምላጭ ሆኗል። ለመሆኑ ቴፑ የት ነው?

ምንውየለት፦ የቱ ቴፕ?

ፕሬዚዳንቱ፦ አታድክመኝ። ያ ቴፕ አንዱ ጋዜጠኛ እጅ ከገባ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ድምፄን መልሶ ያሰማኛል። የት ነው ያለው?

ምንውየለት፦ የለም።

ፕሬዚዳንቱ፦ የለም ማለት?

ምንውየለት፦ አጠፋሁት። ትናንት ቃሏን እንዳነበብኩ ወደ ጣቢያው ሄጄ የአየር ጠባይ ዜና አስቀዳሁበት። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ማንም አላዘዘኝም። እርስዎ ሳይጠይቁኝ የሚፈልጉትን ማድረግ ለምዶብኛል፤ ከልቤ ቀድሞ እጄ ነው የሚሄደው።

ፕሬዚዳንቱ፦ ተባረክ። ምነው፣ አንገትህን ደፋህ?

ምንውየለት፦ ከጣቢያው ወጥቼ በቀጥታ ወደ እስር ቤቱ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እኔም አላውቅም፤ እንድትሰድበኝ ሳይሆን አይቀርም። አልሰደበችኝም። ብርቱካን ይዤላት ነበር፤ ተቀብላ አብረዋት ላሉት ሴቶች አካፈለች። ከዚያ፣ «ጋሼ አያስቡ፣ ቴፑ አለ፤ ሲሰሙት ይለቁኛል» አለችኝ። እኔን እያጽናናችኝ እኮ ነው። እኔ ደግሞ ከዚያው፣ ቴፑን አጥፍቼ መምጣቴ ነው።  እሺ ብያት ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፣ ይኼን የሚያህል ሽማግሌ።

ፕሬዚዳንቱ፦ አልነገርካትም።

ምንውየለት፦ ትናንት አልነገርኳትም። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ እሷን የሚያድናት ሌላ ድምፅ የለም። የቀረው የእርስዎ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ያችን መስመር ማንበብ ያቃተኝ።

ፕሬዚዳንቱ፦ እስቲ ያን ወንበር ሳበው፣ ልቀመጥ። 

ምንውየለት፦ ውኃ ልስጥዎ?

ፕሬዚዳንቱ፦ አልፈልግም። የልጅህ የክርስትና አባት ነኝ፣ አይደለሁም?

ምንውየለት፦ ነዎት።

ፕሬዚዳንቱ፦ ሚስትህ ፋሲካን እኛ ቤት ካልዋለች ፋሲካ አይመስላትም። እንደ ወንድም ነው የኖርነው። ክፉ ሰው ነኝ እንዴ፣ ምንውየለት?

ምንውየለት፦ ክፉ አይደሉም። ቢሆኑ ኖሮ እኔም ገና ድሮ ትቼዎት በሄድኩ።

ፕሬዚዳንቱ፦ በል የልጅቷን ስም ሰርዘው። ሰርዘው፣ በቃኝ። ጠላ የጠመቁት ሰዎች እዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሳለ እሷን ደግሞ መጨመር አልችልም።

ምንውየለት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቴን ነው። በእሷ ቦታ ማንን ላስገባ?

ፕሬዚዳንቱ፦ መጀመሪያ ይኼን ክራቫት እሰርልኝ።

ምንውየለት፦ ቀና ይበሉ። እንዲህ። ማንን ላስገባ?

ፕሬዚዳንቱ፦ ያንተን።

ምንውየለት፦ የእኔን።

ፕሬዚዳንቱ፦ ዐረፍተ ነገሩን የጻፍከው አንተ ነህ። ስልኩን ያነሳኸውም፣ የዘጋኸውም አንተ ነህ። መዋሸት አያስፈልገንም ብለኸኝ የለ? አንዱም ውሸት የለበትም። ማዶዎቹም የአማካሪ ስም ሲሰሙ ከአንባቢ ይልቅ ደስ ይላቸዋል፤ ከበድ ይላል። ለልጅህ አታስብ፣ እኔ አለሁለት። በል ጻፈው።

ምንውየለት፦ እሺ። ያሉት ሁሉ የእኔ ነው። ይኸው ስሜን ጻፍኩት፤ «በራሷ ፈቃድ» የምትለዋንም «በራሱ» አልኳት። አንገትዎ ላይ አጠበቅኩብዎ?

ፕሬዚዳንቱ፦ ደኅና ነው። አኮረፍክ?

ምንውየለት፦ አላኮረፍኩም። እንዲያውም ቀለል አለኝ። ብቻ የእኔን ከመጥራትዎ በፊት የራስዎን ይጠሩ ይሆናል ብዬ ትንሽ ጠብቄ ነበር።

ፕሬዚዳንቱ፦ አስረድቼሃለሁ እኮ።

ምንውየለት፦ አስረድተውኛል።

ፕሬዚዳንቱ፦ እንግዲህ እንውጣ፣ ሰዓቱ ደርሷል። እንደ ልማዳችን ንገረኝ፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለማን ሰጠህ?

ምንውየለት፦ ለቴሌቪዥን ጣቢያው።

ፕሬዚዳንቱ፦ ደግ አደረግህ፤ የራሳችን ናቸው። ማን ነው የሚጠይቀው?

ምንውየለት፦ ትርሲት ባይለየኝ።

ፕሬዚዳንቱ፦ እሷ ታስራ የለም እንዴ?

ምንውየለት፦ ዛሬ ጠዋት በዋስ ወጥታለች። ዋሷ እኔ ነኝ። ከእስር ቤቱ በር ላይ ስቀበላት ቴፑን እንዳጠፋሁት ነገርኳት።  ቤትሽ ላድርስሽ ብላት፣ ቤቴ አይደለም፣ አዳራሹ ይውሰዱኝ አለችኝ። የመግቢያ ካርድ ሰጥቼ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጫታለሁ።

ፕሬዚዳንቱ፦ ምን ልትጠይቀኝ ነው?

ምንውየለት፦ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ያን ዕለት ጠብቃ ነው ላልታ ብትለኝ ስልክ የዘጋሁባት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን የምትጠይቀው እርስዎን ነው፣ ሥርጭቱም ቀጥታ ነው። ይግቡ፣ ክቡር ፕሬዚዳንት፤ ቆመው እየጠበቁዎ ነው።